ሲኤ 125 ጨመረ ብለሽ ከመደንገጥሽ በፊት ላብራቶሪውን እዪ

እህቴ፣ «ኬሞ የጨረሰችው እናቴ ሲኤ 125 ከ18 ወደ 41 ወጣ፣ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። ሲኤ 125 ማለት የኦቫሪ (የእንቁላል ማመንጫ) ካንሰርን ለመከታተል በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን ነው። አምና እኔም በዚሁ ጉዳይ ስገላበጥ አድሬያለሁ።

1ኛ፣ ሁለቱን ምርመራ ያሠራሽው አንድ ቦታ ነው? አይመስለኝም። የኛን ስሚ። እማዬ የኦቫሪ ካንሰር ሲገኝባት ቁጥሯ 840 ነበር። ኦፕራሲዮን ሆና፣ 6 ዙር ኬሞ ወስዳ 22 ገባ። ከ35 በታች ደህና ነው ሲሉን ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ግን ለክትትል ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ድረስ መመላለሱ ገደላት። ሰልፉ፣ የታክሲው ግፊያ፣ እቤት ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አይወልቅም። አሳዘነችኝና ሰፈራችን ያለ ላብራቶሪ ወሰድኳት። 51 መጣ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ጉልበቴ ከዳኝ። ሀብሌን ሸጥኩ። ሲቲ ስካን አስነሳኋት፣ ምንም የለም። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየንም። መጨረሻ ላይ ድሮ የምናሠራበት ተመልሰን ስናስለካ 24! ሐኪሟ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ አስረዳኝ። መመርመሪያው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የአንዱን ላብራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል አለኝ። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? የሰፈሩ ላብራቶሪ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ «በምን ማሽን ነው የምትሠሩት?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ቀጣይ!» አለች። እማዬ አጠገቤ ቆማ። እስካሁን ይቆጨኛል።

2ኛ፣ ይሄ ቁጥር በካንሰር ብቻ አይወጣም። ማዮማም (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ)፣ ኢንዶሜትሪዮሲስም (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ የጉበት በሽታም፣ የልብ ድካምም ያስወጡታል። የሆድ ቲቢም እንደዚያው። አንዷ ጎረቤታችን ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ቁጥሩ በመቶዎች ሆኖ፣ በቃ ካንሰር ነው ተብሎ ተለቅሶላት ነበር። ናሙና ተወስዶ ሲታይ ቲቢ ሆነ። መድኃኒቷን ጨርሳ ይኸው ዛሬ እንጀራ ትሸጣለች።

አይመለስም እያልኩሽ አይደለም፣ ይመለሳል። ግን አንድ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። የእማዬ ሐኪም እንዳለኝ፣ ከኬሞ በኋላ ወደ ደህናው ወርዶ የነበረ ሰው 70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ያውም ቢያንስ በሳምንት ልዩነት ተደግሞ ሲረጋገጥ ነው በደንብ የሚጠረጥሩት። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ ኬሞ ቶሎ መጀመር ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳይቷል። ስለዚህ ነገ ኬሞ ካልተጀመረ ብለሽ አትጨቃጨቂ፣ ሐኪሟ ጋ ግን ውሰጃት። ሆዷ ከተነፋ ወይም ምግብ እምቢ ካላት ቀጠሮም አትጠብቂ።

3ኛ ደብተር ያዢ። እኔ የልጄን የሂሳብ ደብተር ወስጄ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የላብራቶሪውን ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ካርዱን ትቶ ደብተሬን ነው ያየው፣ ኮራሁ። የሰፈሩን 51 በቀይ አክብቤዋለሁ። አሁን እማዬን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይጋፉ ይዣት እወጣለሁ፣ እዚያው የድሮው ቦታ።

አንቺም ማታ ሁለቱን ወረቀት አውጪና አናቱ ላይ ያለውን ስም አስተያዪ። ከተለያየ፣ 18 የመጣበት ቦታ ሄደሽ አስደግሚና ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ።