ትንንሽ ሞላዎችን ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ ስለማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

የተበላሹ መሣሪያዎችን ስፈታና የራሴን ሰርኪዩቶች ስገጣጥም በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከማናቸውም ክፍል ይልቅ ፍለጋው ያደከመኝ ትንሹ ሞላ ነው። ሬዚስተር መጠኑ በቀለም ይታወቃል፤ ሞላ ግን ምንም ምልክት ስለሌለው፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች በሥራ ላይ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። በዚህ ጉዳይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ሙከራ ሞላ መግዛት አልፈልግም። ከየትኞቹ አሮጌ ዕቃዎች ላወጣ እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚፈልጉት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ፤ ሲጫኑት የሚያጥር፣ ሲስቡት የሚረዝም፣ ወይም ክንዱን ሲያጣምሙት ወደ ቦታው የሚመለስ። ሦስቱንም ባንድነት የሚያገኙበት ዕቃ አሮጌ ፕሪንተር ነው፤ ወረቀቱን የሚይዙት ሮለሮች፣ ክዳኖቹና ማንሻዎቹ ሁሉ በሞላ ይሠራሉ። ከካሴትና ከሲዲ ማጫወቻ ደግሞ ለእጅ ሥራ የሚመቹ ቀጫጭን ተሳቢ ሞላዎች ይወጣሉ። እየጫኑ የሚከፍቱት እስክሪብቶ አንድ ተጫኝ ሞላ አለው፤ የሪሞት ኮንትሮል የባትሪ ቤት ደግሞ ሾጣጣውን የባትሪ ሞላ ከነመቀመጫ ሳህኑ ይሰጥዎታል። ተወጥሮ የቆየ ሞላ ሲለቀቅ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ስለሚችል መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ማይክሮዌቭንና ፍላሽ ያለውን ካሜራ ግን ለሞላ ብለው አይክፈቱ፤ ካፓሲተሮቻቸው (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) ከኤሌክትሪክ መስመር ከተነቀሉም በኋላ አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለመግዛት ስወስን ሻጩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ብዙ ሻጮች መጠኑን በሦስት ቁጥሮች ይጽፋሉ፤ ለምሳሌ «0.5 በ5 በ20» ሲባል የሽቦው ውፍረት 0.5 ሚሊሜትር፣ የሞላው የውጭ ስፋት 5 ሚሊሜትር፣ ሳይጫን ያለው ርዝመት 20 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ስህተት የሚበዛው በስፋቱ ላይ ነው። ሞላው በዘንግ ላይ የሚገባ ከሆነ የሚያስፈልግዎ የውስጥ ስፋቱ ሲሆን፣ እርሱም ከውጭ ስፋቱ ላይ የሽቦው ውፍረት ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ይገኛል፤ በምሳሌያችን 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ከእነዚህ በተጨማሪ የዙሮቹን ብዛትና ከምን ብረት እንደተሠራ ይጠይቁ። ብዙ መጠን በአንድ ሣጥን የያዘ ስብስብ ለመለማመድ ጥሩ ነው። በልክ ማስጠቅለል ግን ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ የትእዛዝ ብዛት ስለሚጠይቁ፣ ንድፉ ሳይጸና ባይሞክሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ሞላ በስፋትም በርዝመትም ልክ ነው፤ ነገር ግን በጣም ጠንካራ ሆነብኝ። ለምን?

መልስ፦ ጥንካሬውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የሽቦው ውፍረት ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ጥንካሬው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ (ውፍረቱ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ) ልክ ይጨምራል፤ በአማካይ ስፋቱ (ከውጭ ስፋቱ የሽቦው ውፍረት አንድ ጊዜ ተቀንሶ በሚገኘው) ሦስተኛ ርቢና በሚሠሩት፣ ማለትም ሲጫን በሚያጥሩት፣ ዙሮች ብዛት ልክ ደግሞ ይቀንሳል። በካርቦን ብረት ሽቦ የተሠራ፣ ውፍረቱ 0.5፣ አማካይ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነና 8 የሚሠሩ ዙሮች ያሉት ሞላ አንድ ሚሊሜትር ለማሳጠር ወደ 0.6 ኒውተን ይፈልጋል። ሽቦውን ወደ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ቢያሳድጉት ጉልበቱ ከእጥፍ አልፎ ወደ 1.3 ኒውተን ይደርሳል። ስለዚህ በዓይን የማይለየው አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር በካሊፐር (ትንንሽ ውፍረትን በሚለካ መሣሪያ) መለካት አለበት። ረጅሙን ሞላ ቆርጦ ለማሳጠር ሲያስቡም፣ ዙሮቹን በግማሽ መቀነስ ጥንካሬውን እጥፍ እንደሚያደርገው ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ የባትሪ ቤት እየሠራሁ ነው። የማይዝግ ብረት ሞላ ገዝቼ ባስገባ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፤ ባትሪው ግን አዲስ ነው። ጥፋቱ የሞላው ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች ሞላን እንደ ሜካኒካል ዕቃ ብቻ እያዩ የሚዘነጉት ነገር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። በባትሪ ቤት ውስጥ ሞላው ሽቦም ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። የማይዝግ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክን የመቃወም ባሕርዩ ከመዳብ 40 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለ ጥንካሬ ስመልስ በጠቀስኩት መጠን (ውፍረት 0.5፣ አማካይ ስፋት 5 ሚሊሜትር፣ 8 ዙር) የተሠራ ሞላ ተዘርግቶ ቢለካ የሽቦው ርዝመት ወደ 126 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ሽቦ የማይዝግ ብረት ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.46 ኦም ገደማ ይሆናል። ሞተሩ 1 አምፔር ቢስብ 0.46 ቮልት በሞላው ላይ ይቀራል፤ ከአንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ሲሶ የሚጠጋው ማለት ነው። በ2 አምፔር ደግሞ ሞላው ወደ 1.8 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም ለፕላስቲክ ቤት አደጋ ነው። በ20 ሚሊአምፔር ለሚሠራ አንድ ኤልኢዲ ግን የሚጠፋው ወደ 9 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ያው ሞላ ያለ ችግር ያገለግላል።

መፍትሔው የመዳብ ቅይጥ ከሆነው ከፎስፈር ብሮንዝ የተሠራ ሞላ መፈለግ ነው፤ በተመሳሳይ መጠን ሬዚስታንሱ ወደ 0.07 ኦም ይወርዳል። ጥንካሬው ግን ከብረት ሞላ ግማሽ ገደማ ስለሚሆን ትንሽ ወፈር ያለ ሽቦ ይምረጡ። ቤሪሊየም ያለበት የመዳብ ቅይጥ ከዚህም የተሻለ ያስተላልፋል፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ግን በፍጹም እንዳይሞርዱት ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፈትጉት አደራ እላለሁ። ያለውን ሞላ መቀየር ካልቻሉ፣ ከጫፉ እስከ መቀመጫ ሳህኑ ድረስ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ የመዳብ ሽቦ በውስጡ ያሳልፉና ሁለቱን ጫፎች በሶልደር (በሚቀልጠው የመበየጃ ብረት) ያያይዙ፤ ግፊቱን ሞላው ይሰጣል፣ ኤሌክትሪኩን ሽቦው ይሸከማል። በእጅዎ ያለው ሞላ ከምን እንደተሠራ ለመገመት ማግኔት ያስጠጉ፤ የካርቦን ብረት በኃይል ይሳባል፣ የማይዝገው አብዛኛውን ጊዜ በስሱ ይሳባል፣ የመዳብ ቅይጦች የኒኬል ልባጥ ከሌላቸው በቀር አይሳቡም።

ጥያቄ፦ ሶልደሩ በሞላው ላይ አልይዝ እያለ ይንከባለላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞላው የማይዝግ ብረት ይመስለኛል። ላዩን የሸፈነውን የክሮሚየም ኦክሳይድ ተራው የሙጫ ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ ላዩን የሚያጸዳው ቅባት) አያነሣውም፤ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ፍላክስ ያስፈልጋል፤ ከሥራው በኋላም ቅሪቱ ብረቱን ስለሚበላ በደንብ መታጠብ አለበት። በኒኬል የተለበጠው የባትሪ ሞላ ንጹሕ ከሆነ በተራው ፍላክስ ይያዛል። 350 ዲግሪ የሚደርሰው የካውያው (የመበየጃው መሣሪያ) ጫፍ የሞላውን ጉልበት ሊያላላው ስለሚችል፣ የማይሠራውን የመጨረሻ ዙር ብቻ ይንኩ፤ ቀጣዩን ዙር በፒንሳ ቢይዙት ሙቀቱን ፒንሳው ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ሞላ በእጅ መጠቅለል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን በመዳብ ሽቦ አይሞክሩት፤ ተጭኖ አይመለስም። በቀላሉ የሚገኘው ጥሩ የሞላ ሽቦ ያልተጠቀለለው ቀጭን የብረት የጊታር ክር ነው፤ እርሱም ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት ሲሆን፣ ከ0.25 እስከ 0.43 ሚሊሜትር ድረስ በተለያየ ውፍረት ይገኛል። የሚጠቀልሉበት ዘንግ ከሚፈልጉት የውስጥ ስፋት ያነሰ ይሁን፤ ሽቦው ሲለቀቅ ይሰፋልና። በምን ያህል እንደሚሰፋ በሁለት ሦስት ሙከራ ይደርሱበታል። አማካይ ስፋቱ ከሽቦው ውፍረት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ባለው መካከል ቢሆን ለመጠቅለልም ለመሥራትም ይመቻል።

ጥያቄ፦ ሰርኪዩት ቦርድ ለመፈተሽ በሞላ የሚገፋ መርፌ መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ይህን በእጅ ለመሥራት አይድከሙ፤ ፖጎ ፒን የሚባለው ተሠርቶ ይሸጣል። ፒ75 የሚባለው 1.02 ሚሊሜትር፣ ፒ100 የሚባለው 1.36 ሚሊሜትር የሰውነት ስፋት አላቸው። ሽቦውን ግን ፒኑ በሚገባበት ማቀፊያ ቱቦ ላይ እንጂ በፒኑ ላይ አይበይዱ፤ ሙቀቱ የውስጡን ሞላ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የባትሪ ሞላዬ በጥቂት ወራት ውስጥ ላላ፤ ላዩም አረንጓዴና ነጭ ሆነ።

መልስ፦ ሁለቱን ለይተው ይመልከቷቸው። የሚላላው ዙሮቹ እስኪነካኩ ተጨፍልቆ ስለሚውል ነው፤ ባትሪው ከገባ በኋላም የሚያጥርበት ትርፍ ቦታ እንዲኖረው ረዘም ያለ የባትሪ ቤት ወይም ዙሩ ያነሰ ሞላ ያድርጉለት። ቀለሙን የለወጠው ደግሞ ከአልካላይን ባትሪ የፈሰሰ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ጓንት አድርገው በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ይጥረጉት፣ በውኃ አለቅልቀው ያድርቁት። ልባጡ ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት ከታየ ግን ሞላውን ይቀይሩ።