እህቴ፣ ፓስወርዱን ተይው! (የኤን-ኤይት-ኤንና የሱፓቤዝ ጣጣ)

"ኤን-ኤይት-ኤንን ከሱፓቤዝ ጋር ላገናኝ ብል ኔትወርክ አንሪቸብል ይለኛል፤ ፓስወርዱን ሁለቴ ቀየርኩት፣ ያው ነው" ያልሽውን ሳነብ የራሴን ጉድ ያየሁ መሰለኝ። (ለማያውቅ ሰው፦ ኤን-ኤይት-ኤን ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፤ ሱፓቤዝ ደግሞ ዳታቤዝሽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልሽ አገልግሎት።) ሦስተኛ እንዳትቀይሪው።

1. ስህተቱን ደግመሽ አንብቢው። ፓስወርዱ ቢሆን ኖሮ ዳታቤዙ ራሱ "ልክ አይደለም" ብሎ ይመልስልሽ ነበር። አንሪቸብል ማለት ገና በሩ ጋ አልደረስሽም ማለት ነው። እኔ በሩ ጋ ሳልደርስ ቁልፍ ስቀይር ነው የከረምኩት።

የአጎቴ ልጅ የልብስ ሱቅ አላት። ትዕዛዝ የምትቀበለው እኔ በሠራሁላት የቴሌግራም ቦት ነው። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በየጠዋቱ የሽያጭ ሪፖርት ይድረሳት ብዬ ኤን-ኤይት-ኤንን ከዚያው ዳታቤዝ ጋር ላገናኝ ተነሳሁ። እምቢ አለኝ። ፓስወርድ ቀየርኩ። ለካ ቦቱም በአሮጌው ፓስወርድ ነው የሚገባው! ቀጥ አለ። ደንግጬ አዲሱን ሰጠሁት፤ አሁንም የለም። አዲሱ ፓስወርድ ውስጥ @ አስገብቼ ነበር። በረጅሙ የማገናኛ አድራሻ ውስጥ @ ካለ አድራሻው ይዘባረቃል፣ %40 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህን እስካገኝ ቅዳም ሹር መሸ። እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳብኛል።

2. ዋናው ምክንያት ይኸውልሽ። ሱፓቤዝ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ወደ ዳታቤዙ የሚወስደውን ቀጥታ መስመር በነባሪ በአይፒ ቨርዥን 6 (በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ብቻ ነው የሚሰጠው። መቼም ኤን-ኤይት-ኤንን እንደኔው በተከራየሽው ሰርቨር፣ ዶከር (ፕሮግራምን እንደ ሳጥን አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ ነው የጫንሽው፤ ሰርቨርሽ ቨርዥን 4ን (አሮጌውን ዓይነት) ብቻ ካወቀ አይገናኙም። ሰርቨር ያከራዩኝን ሰዎች "ቨርዥን 6 አላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ "ችግሩ ከእኛ አይደለም" ብለው ጥያቄዬን ዘጉት። ሰላምታ እንኳ የለውም! እኔ እኮ የጠየቅኩት አላችሁ ወይ የላችሁም ነው።

በወር 4 ዶላር ከፍለሽ ቨርዥን 4 ማስጨመር ይቻላል፣ እሱም የሚከፈልበት ፕላን ላይ ላለ ሰው። የዶላር ካርድ ፍለጋ ስንት ሰው ደጅ ጠናሁ መሰለሽ። ለካ ነፃው መንገድ አፍንጫዬ ሥር ነበር።

ከፕሮጀክትሽ ገጽ ላይ "ኮኔክት" የሚለውን ተጫኚና "ሴሽን ፑለር" የሚለውን ምረጪ፤ መሃል ላይ ሆኖ የሚያገናኝ መስመር ነው፣ በቨርዥን 4ም ይሠራል። አድራሻውን ከዚያ ገልብጪ፣ ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) 5432 ነው። የተጠቃሚ ስሙ ላይ ተጠንቀቂ፦ "ፖስትግሬስ" ብቻ አይደለም፣ ነጥብ ተደርጎ የፕሮጀክትሽ መለያ ይከተለዋል። እሱን ብትረሺ "ቴናንት ኦር ዩዘር ኖት ፋውንድ" (እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ አላገኘሁም) ይልሻል። ያኔም ፓስወርዱ አይደለም!

3. ሰዓቱን አስተካክይ። ኤን-ኤይት-ኤን ካልነገርሽው በኒውዮርክ ሰዓት ነው የሚሄደው። ጠዋት 2 ሰዓት ይድረስ ብዬ 8 ብዬ የሞላሁት ሪፖርት ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣ ነበር። እኔ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር አምታትቼ መስሎኝ ስንት ጊዜ ደምሬ ቀነስኩ። የሰዓት ክልሉን "አፍሪካ/አዲስ አበባ" አድርጊው፣ አለቀ።

ይኸው ስምንት ወሩ፣ አንድ ቀን ሳያጓድል ይልካል። የአጎቴ ልጅ ግን ስለ ሪፖርቱ አንዴም አመስግናኝ አታውቅም።

በነገራችን ላይ፣ የለጠፍሽው ስክሪንሾት ላይ ፓስወርድሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ይቅርታ፣ መቀየርሽ አይቀርም። መጀመሪያ ግን በእሱ የሚገባ ሌላ ምን እንዳለ ቆጥሪ። @ም አታስገቢበት።