ኩሬ ውስጥ ያለው ዓሣ ስንት ነው?

ባለፈው ሳምንት ሰንጋ ተራ አንድ ካፌ ውስጥ በሁለት ወጣቶች መሃል ተቀምጬ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ባንክ ትሠራለች። ሌላው የሥራ ባልደረባዋ ነው። የሚከራከሩት ስለ ዓሣ ነበር። ስለሚበላው እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ዓሣ አክሲዮን።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ድሮ ሰንጋ ይሸጥበት ስለነበር ነው ይባላል። ዛሬ የባንክ ፎቅ ሞልቶታል። ሰንጋ የሚገዛ ሰው ግን ጥርሱን አይቶ፣ ሽንጡን ዳብሶ ነበር ብሩን የሚያወጣው። እኛ ስልክ ላይ ባለ ወረቀት ነበር የምንነታረከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ አንድ ኩባንያ አለ። ስሙ ይቅር። ከተቋቋመ ዓመታት አልፈዋል። ኩሬ ቆፍሯል፣ መጋዘን ሠርቷል፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ገዝቷል። ለባለአክሲዮኖቹ ግን እስከ ዛሬ አምስት ሳንቲም አላካፈለም። አሁን ካፒታል ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ እቁብ ደርሷታል።

«ጋሼ፣ በቃ አንተ ፍረደን» አለችኝ።

እኔ ዳኛ አይደለሁም። የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ሰው አርፎ እንዲቀመጥ ሲመከር ነው የሚተረተው። እኛን ግን ደሞዝ የሚከፍሉን ዘንዶውን እንድናወጣ ነበር። እናም ልጆቼ፣ ለእነሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው። እቁብ የደረሳችሁ ብዙ ናችሁ።

የእሷ ክርክር ይህ ነው። ባሕር የለንም። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ አሉን፤ ግን ከሐይቅ የሚወጣው ዓሣ እየሳሳ ነው። ትንንሹም ሳያድግ ይጠመዳል። አዲስ አበባ በየዓመቱ ትሰፋለች። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በላዩ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። «በሁዳዴ ፊሌቶ ፈልጎ ያጣ ሰው ያውቀዋል» አለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የካህናት ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ምግብ ቤቶቹ ግን ጾም ሲገባ የዓሣ ጉላሹንና ዱለቱን ሲደረድሩ አያለሁ።

የእሱ አጭር ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አንድም ዓመት አትርፈው አያውቁም። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። ቦርዱ ሳይቀየር ብር መጨመር ምን ይሉታል? ደግሞ የግድ ልግዛ ካለች፣ እዚያው ቢሯችን አንድ ነባር ባለአክሲዮን የራሱን ከተጻፈበት ዋጋ በግማሽ እየሸጠ ነው። እርስዎ ቢሆኑ በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ?»

ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። አንዳቸውም ግን ስለ ኩሬው አልተነፈሱም።

እዚህ አገር እርባታ ውስጥ በብዛት የሚገባው ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ወደ 28 ዲግሪ ሲጠጋ ይበላል፣ ያድጋል። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል። ስለዚህ ደጋውን ትተው ስምጥ ሸለቆ መውረዳቸው ጥሩ ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ቶሎ ይራባል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ሲያዩት ደስ ይላል፣ ለነጋዴ ግን ጣጣ ነው። ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ኩሬው በጫጩት ይሞላና ሁሉም መኖ ይሻማል። አንዱም ለገበያ የሚሆን መጠን ላይ አይደርስም። ያወቁበት አርቢዎች ወንድ ወንዱን ብቻ ነው የሚያስገቡት። ኩባንያው ጫጩት ከየት እንደሚያመጣና ወንድ መሆኑን በምን እንደሚያረጋግጥ ጠይቁት። ከተንተባተበ ለእኔ ይበቃኛል። ነገሩ ግራ ካጋባችሁ ሰበታ ላይ በዚሁ ሥራ የተጠመደ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ። ከከተማችን ቅርብ ነው።

ከዚያ መኖ። የእርባታን ወጪ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚበላው መኖ ነው። የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ አኩሪ አተር፣ የዓሣ ዱቄት። ጥሩ መኖ ከሆነ 1 ኪሎ ቆሮሶ ለማውጣት ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። ሶፍት ላይ ጻፍኩላቸው። ዋጋውን ለስሌት ያህል ነው የወሰድኩት። የመኖ ኪሎ 80 ብር ይሁን፤ ዓሣው እዚያው ኩሬው ዳር 250 ብር ይሸጥ። 2 ኪሎ መኖ 160 ብር። 90 ብር ተረፈ። ደሞዝ፣ መብራት፣ ነዳጅና የባንክ ወለድ ከእሱ ላይ ይወጣል። አሁን መኖው ደካማ ሆነና 3 ኪሎ ፈጀ እንበል። 240 ብር። የተረፈችው 10 ብር ናት። ኩሬው ያው ነው፣ ገበያውም ያው ነው። ስንት ኪሎ መኖ ስንት ኪሎ ዓሣ እንደሚያወጣ የማያውቅ ኩባንያ፣ ኪሳራው ከየት እንደመጣም አያውቅም።

የእህቴ ልጅ በፊሌቶ ዋጋ ነበር ስታሰላ የነበረው። ከ3 ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ 1 ኪሎ ገደማ መሆኑን ስነግራት ሶፍቱን ገልብጣ እንደገና መጻፍ ጀመረች።

የሁዳዴውም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። ጫጩት ለገበያ እስኪደርስ በሙቅ ውሃ ከ6 እስከ 8 ወር ይፈልጋል። ሁዳዴ የሚገባው በየካቲት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጫጩቱ ሐምሌ ላይ ኩሬ መግባት አለበት፤ ከዚያ የኅዳርና የታኅሣሥን ቁር አልፎ ነው የሚደርሰው። ከዘገየ ፋሲካ ያልፍና ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ይዞራል። ዓሣው ግን ሳይሸጥም መኖ ይበላል።

ሌሊቱም አለ። ቀን ቀን ውሃው ውስጥ ያለው አልጌ ኦክስጅን ይሰጣል። ሌሊት ግን እሱም መልሶ ይወስዳል። ሊነጋጋ ሲል ኩሬው ይታፈናል። ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ አየር ይሻማል። በተጨናነቀ ኩሬ ላይ ውሃው ውስጥ አየር የሚያስገባው መንፊያ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳም ካለ፣ የወራት ልፋት ተንሳፍፎ ይነጋል። ሕንጻ ጀምራችሁ ገንዘብ ቢያጥራችሁ ሥራው ይቆማል፤ ብረቱ ዝጎም ቢሆን ይጠብቃችኋል። ዓሣ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ሊያተርፍ መቻሉን ከመጠየቄ በፊት እስከሚቀጥለው ምርት የመኖ መግዣ እንዳለው የምጠይቀው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ጀማሪ ኦዲተር ሳለሁ የአንድ ዶሮ እርባታ ሂሳብ ተሰጠኝ። ዶሮው ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት፣ በወረቀት መጣልኝ። ሄጄ ማየት ነበረብኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ጥሩ ምሳ ጋብዞኝ ነበር። ሳልሄድ ፈረምኩ። ከወራት በኋላ ሲታይ ከተጻፈው ዶሮ ግማሹ የለም። በበሽታ አልቆ ነበር፤ ከመዝገብ የቀነሰው ግን ማንም የለም። በእኔ ፊርማ አምነው ያበደሩ ሰዎች ነበሩ። የዚያን ምሳ ጣዕም አሁንም አልረሳሁትም።

ዶሮ እንኳ ይታያል። ዓሣን ማን ይቆጥረዋል? የገባው ጫጩት ይመዘገባል፣ የሞተው በየቀኑ ይቀነሳል፣ በመረብ ናሙና ወጥቶ ይመዘናል። የቀረው ግምት ነው። አገራችን በተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ መሠረት ደግሞ ሕይወት ያለው ሀብት፣ ከብትም ይሁን ዓሣ፣ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ በገበያ ዋጋው ይገመታል። የግምቱ ለውጥ በዚያው ዓመት ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል። ገባችሁ? ኩባንያው አንድም ዓሣ ሳይሸጥ አተረፍኩ ሊል ይችላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ደረጃው የሚለው ነው። ትርፉ ግን ገና ኩሬ ውስጥ እየዋኘ ነው። ሊሞት፣ ሊሰረቅ፣ ወፍ ሊበላው ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ኩባንያ ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምገልጠው የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ነው። ቀጥሎ የኦዲተሩን አስተያየት አያለሁ፤ ኩባንያው ሥራውን መቀጠሉ ያጠራጥራል የሚል አንቀጽ እንዳለ እፈልጋለሁ።

የእህቴ ልጅ ሪፖርቱን ስልኳ ላይ ይዛዋለች። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ አለች። አንቀጹ ነበር። አላየችውም። የዓሣዎቹን ፎቶ ግን ታስታውሳለች።

ወደ ጠቡ ልመለስ። አዲሱን በሙሉ ዋጋ ወይስ የነባሩን በግማሽ? ልጁ ርካሹን ይዞ አሸነፍኩ ብሎ ነበር። ግን ብሩ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም። የነባሩን ከገዛች ገንዘቧ ወደ ሰውየው ኪስ ነው የሚገባው። ለዓሣው አንድ ፍሬ መኖ አይሆንም። አዲሱን ከገዛች ብሩ ኩባንያው ውስጥ ይገባል፤ ግን ሕጉ ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ከተጻፈበት ዋጋ አሳንሶ እንዲያወጣ ስለማይፈቅድ፣ ሰውየው በግማሽ የሚሸጠውን እሷ በእጥፍ ትከፍልበታለች። ከገባም በኋላ መኖ ይገዛበታል ወይስ የባንኩ የቆየ ዕዳ ይቀበለዋል? የሽያጭ መግለጫው ላይ «ለሥራ ማስኬጃ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። በዚያ ቃል ውስጥ ስንት ነገር ተደብቆ እንዳየሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አንድ ጥያቄ ጨመርኩላቸው። ካፒታል ሲያድግ አዲሱን አክሲዮን የመግዛት ቅድሚያ ያላቸው ነባሮቹ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ኩሬውን ያውቁታል፣ በየጉባኤው ተቀምጠዋል። ታዲያ ለምን ለእኛ ተረፈ? ልጅቷ ዝም አለች። ልጁም ፈገግ ሊል ሲል «አንተ ደግሞ ሰውየው ለምን በግማሽ እንደሚሸጥ ጠይቀኸዋል?» አልኩት። አልጠየቀውም። ምናልባት ሰውየው የራሱን ልጅ ሠርግ ሊደግስ ይሆናል። ምናልባት ዘንዶውን አይቶት ይሆናል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ከ2013ቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ወዲህ ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ እንደ ድሮው በትውውቅ የሚሆን ነገር አይደለም። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ፤ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል፣ ሻጩ ስለ ራሱና ስለ አክሲዮኑ የሚዘረዝርበት ሰነድ አለ። መመዝገቡን ጠይቁ። አክሲዮን በይፋ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም ጥር 2017 ተከፍቷል፤ ግን እዚያ ያልተመዘገበ ትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ሲጨንቃችሁ ለማን ትሸጡታላችሁ? ቢሮ ለቢሮ እየዞራችሁ፣ በግማሽ ዋጋ። ሌላም ነገር አለ። የኩባንያው ዕቅድ የተሠራው ከሐምሌ 2016 በፊት ከሆነ አትመኑት። ያኔ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የአየር መንፊያው መለዋወጫ፣ ከውጭ የሚመጣው የመኖ ቅመም፣ ሁሉም አብሮ ነው የወጣው።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ አክሲዮን ነበረው። በ1967 ኩባንያው ሲወረስ ወረቀቱን አልጣለውም። እስኪሞት ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ከጋብቻ ሰርተፊኬቱ ጋር። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። እሱ የገዛበትን ብር አጥቶም ቤቱ አልተፈታም፣ እኛም ከትምህርት ቤት አልቀረንም። የእህቴ ልጅ ልታስገባ ያሰበችው ግን የእቁቡን ሙሉ ነው። ለቤት ኪራይ የምታስቀምጠውም እሱው ነው።

እኔ ብሆን ዛሬ አልገዛም። ይህን ፊት ለፊት ነገርኳት። ልጁ ግን እንዳይኮራ፣ የእሱም ምክንያት አልጣመኝም። እርባታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢከስር አይገርምም። ኩሬ እስኪለመድ፣ ጫጩት እስኪስተካከል፣ ገበያ እስኪገኝ ገንዘብ ይበላል። የመኖ መዝገብ በየቀኑ የሚሞላ፣ የሞተውን ዓሣ የማይደብቅ፣ ለሁዳዴ ከሆቴሎች ቀብድ የተቀበለ ኩባንያ ከሆነ፣ የከሰረም ቢሆን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ቦርዱ ይቀየር ማለት ቀላል ነው። ማን ይተካው ሲባል ልጁም መልስ አልነበረውም።

በመጨረሻ ሦስታችንም ኩሬውን ሄደን ለማየት ተስማማን። ዓርብ ከሰዓት ወርደን እዚያው እናድራለን፤ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ኩሬው ዳር እንድንቆም። የእህቴ ልጅ ቦት ጫማ ገዝታለች። ልጁ ሚዛን ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ኩባንያውን አነጋግራው ነበር። «ጋሼ፣ ማለዳ ይበርዳል፣ ረፋድ ላይ ብትመጡ ይሻላል አሉን። ምሳም እናዘጋጃለን ብለዋል።»

በ12 ሰዓት እንመጣለን በያቸው አልኳት። ምሳችንንም ይዘን።