ስለ ድምፅ አውታር የጠየቃችሁኝ

ስለ ማንቁርት፣ ማለትም ጉሮሯችን ውስጥ የድምፅ አውታሮች ስላሉበት ክፍል፣ ጠይቁኝ ብያችሁ ብዙዎቻችሁ ጽፋችኋል። በዛ ያሉት ጥያቄዎች ስለ አውታሮቹ አያያዥ ህብረ ሕዋስ (የሰውነት ክፍሎችን አያይዞ የሚደግፈው አካል) ስለሆኑ ከነሱ ልጀምር።

ጥያቄ፦ የድምፅ አውታር ጡንቻ ነው ወይስ ጅማት?

ሁለቱም አለበት። ከውስጥ ጡንቻ፣ ከላይ ስስ ልባስ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሦስት የአያያዥ ህብረ ሕዋስ ሽፋኖች አሉ። ላይኛው ለስላሳ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ሃያሉሮኒክ አሲድ አለበት። መካከለኛው ኢላስቲን ስላለው ይለጠጣል፣ ታችኛው በኮላጅን ይጠነክራል፣ ሁለቱ አንድ ላይ የድምፅ ጅማት ይባላሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ ድምፅ የሚወጣው ላይኛው ልስልስ ክፍል ከሥሩ ካለው ጠንካራ አካል ላላ ብሎ ስለሚርገበገብ ነው። ሴት ስታወራ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ! እኔ ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ልስጋ?

አይዞሽ እህቴ፣ ጤናማ ነው። ሕፃን ሲወለድ የድምፅ ጅማት የለውም፤ ሽፋኖቹ የሚለዩት ቀስ በቀስ እስከ ጉርምስና ነው። አሁን ደግሞ የማንቁርቱ ልም አጥንት እያደገ አውታሮቹ ረዝመዋል፣ ወፍረዋል። ጡንቻው እስኪለምደው ታገሺው።

ጥያቄ፦ ዘማሪ ነኝ። ድምፄ ሲዘጋ በሹክሹክታ እያወራሁ አሳርፈዋለሁ።

ወንድሜ፣ እሱ እረፍት አይደለም። ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ያጨናንቃል። ዝም በል፣ ውሃ ጠጣ። ድምፅህ ተዘግቶ እያለ በግድ ስትዘምር አውታሮቹ እየተጋጩ ላይኛው ሽፋን ያብጣል፣ ሲደጋገም ደግሞ እባጩ ይጠጥራል። በጊዜ ከተያዘ በድምፅ ልምምድ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። የምፈራልህ ጠባሳውን ነው፤ ለስላሳው ቦታ በደረቅ ኮላጅን ከተተካ እንደ ድሮው አይርገበገብም፣ ወደ ነበረበት የሚመልስ አስተማማኝ ሕክምናም እስካሁን የለም።

ጥያቄ፦ ማርና ዝንጅብልስ?

ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ አውታሩን አይነካም። የሚዋጥ ነገር የሚሄደው በምግብ ቧንቧ ነው።

ጥያቄ፦ ሲጋራ የምታጨስ አክስቴን በስልክ ወንድ ይሏታል። ለምን?

ጭሱ ላይኛውን ሽፋን ስለሚያስቆጣው ፈሳሽ ይሞላበታል። አውታሩ ሲከብድ በዝግታ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወፍራል። መጀመሪያ ማጨሷን ታቁም። መጎርነኑ ከ4 ሳምንት ካለፈ ደግሞ፣ በተለይ አጫሽ ስለሆነች፣ ካንሰር አለመሆኑ እንዲታይ ይዘሃት ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂድ።