የእርቅ ሐሳቡን ከመላካችሁ በፊት ገንዘቡን አካፍሉት

ልጆች፣ የገንዘብ ክስ በእርቅ ሊያልቅ ሲቃረብ ጠበቆች የሚጨቃጨቁት በጠቅላላው ገንዘብ ላይ ነው። የተፈረመ እርቅ የሚፈርሰው ግን በአብዛኛው በአከፋፈሉ ነው። በልጅነታችሁ የተማራችሁት አካፋይና ብዜት እዚህ ላይ ያስፈልጋችኋል።

በ385,000 ብር ተስማማችሁ እንበል። «በ12 ወር እኩል ይከፈል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ስታካፍሉት ግን 32,083.33 ይመጣል፤ ይህ 12 ጊዜ ሲከፈል 384,999.96 ብር ነው። የጎደለችው 4 ሳንቲም ማንንም አታደኸይም፤ «ዕዳው አላለቀም» ለሚል ነገረኛ ግን በር ትከፍታለች። ገንዘቡ ለ12 እንቢ ያለው 3 አካፋዩ ስላልሆነ ነው። 7፣ 10 እና 11 ግን አካፋዮቹ ናቸው፤ በ11 ወር ቢሆን በየወሩ 35,000 ድፍን ይሆናል። ከዚህ የሚሻለው 25,000 ብር በፊርማው ዕለት ተከፍሎ 360,000 እንዲቀር ማድረግ ነው። 360 ለጋስ ቁጥር ነው፤ 24 አካፋዮች አሉት። ባለዕዳው «በ12 ወር 30,000 ከበደኝ» ቢል 15 ወር በ24,000፣ ወይም 18 ወር በ20,000 ትሉታላችሁ፤ ከዋናው ገንዘብ አንዲት ብር አልነካችሁም። ጊዜ ግን በነጻ አይሰጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ360,000 ላይ 32,400 ብር ማለት ነው። ወለዱ ይታሰብ ወይም ይቅር፣ በግልጽ ይጻፍ።

ቀጥሎ ባለዕዳው ገንዘብ የሚያገኝበትን ቀን ጠይቁ። በየ45 ቀኑ ክፍያ የሚቀበል ተቋራጭ በየ30 ቀኑ እንዲከፍል ብታስሩት፣ ሁለቱ ቀናት የሚገጥሙት በትንሹ የጋራ ብዜታቸው፣ በየ90 ቀኑ ብቻ ነው። በ30ኛው ቀን ኪሱ ባዶ ነው። በየ45 ቀኑ 45,000 ብር፣ 8 ጊዜ አድርጉት፤ 360,000 በ360 ቀን ያልቃል።

ጳጉሜን አትርሱ። «በየ30 ቀኑ» እና «በየወሩ በ5ኛው ቀን» አንድ አይደሉም። ከጥር 5 የጀመረ ክፍያ እስከ ነሐሴ 5 ሁለቱም ይገጥማሉ። ዘጠነኛው ግን በ30 ቀን ቆጠራ ጳጉሜን 5 ላይ ይወድቃል፤ ባለዕዳው መስከረም 5ን ሲጠብቅ ከሳሽ «ውሉ ፈረሰ፣ ቀሪው በሙሉ ይከፈል» ብሎ ይነሣል። «ጳጉሜን ሳይጨምር» የምትል ሐረግ ክርክሩን ትዘጋለች። የመዘግየት ገደቡንም በቀን ቁጥር ጻፉት፤ «በተደጋጋሚ ቢዘገይ» የሚል ቃል ለዳኛም ለእናንተም ፋይዳ የለውም።

ሐሳቡን በጽሑፍ ስታቀርቡ የመልስ ቀን ወስኑ። በቁጥር 1690 መሠረት ቀን ቆርጦ ያቀረበ ሰው እስከዚያ ቀን በሐሳቡ ይታሰራል፤ ስለዚህ ደንበኛው ሊቆይበት የሚችለውን ቀን እንጂ የሚያምረውን አትጻፉ። ተከራካሪው «እሺ፣ ግን በ18 ወር» ካለ በቁጥር 1694 ያ እሺታ አይደለም፤ እምቢታና አዲስ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ተቀባይነት ካጣ ዕዳውን እንደ ማመን እንዳይቆጠርም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ውክልናችሁንም ገልጣችሁ እዩ። በቁጥር 2205 ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ይህን ከፊርማ በኋላ ማወቅ አሳፋሪ ነው። ከዚያ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ274 እስከ 277 ባሉት ቁጥሮች መሠረት እንዲመዘገብና ትእዛዝ እንዲሰጥበት ጠይቁ። ክሱን አንሥታችሁ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ከወጣችሁ፣ ባለዕዳው ክፍያውን ያቋረጠ ዕለት በቀጥታ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ አስገድዶ እንዲያስከፍል፣ መጠየቅ አትችሉም፤ በውሉ ላይ ተመሥርታችሁ አዲስ ክስ ትከፍታላችሁ።