«አዲስ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ማንም ያላየው የሚመስል ፈንገስ ሲገጥማችሁ ልባችሁ እንደሚዘል አውቃለሁ። የኔም ዘሎ ነበር። ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ከየጎፍ ደን የለቀምኩት የደረቀ የወይራ ቅጠል ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች አየሁ። ስፖሮቻቸው፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራቡባቸው ደቃቅ ሕዋሶች፣ ጫፋቸው ላይ ጭራ አላቸው። በሳምንቱ ስም አወጣሁለት፤ ልጁ ሳይወለድ ክርስትና እንደ መደገስ።

አለቃዬ ምንም ሳይሉ ቤተ መጻሕፍት ሰደዱኝ። ከሦስት ወር በኋላ ለካ ፈንገሱ ስም ነበረው፤ ያውም ሁለት! ያለ ጾታ የሚራባበት መልኩ በአንድ ስም፣ በጾታ የሚራባበት ደግሞ በሌላ ተመዝግቧል። የዚያን ጊዜው የስም አወጣጥ ሕግ ይህን ይፈቅድ ነበር። የቀረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሜልቦርን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ነው።

የእናንተ ፈተና ሌላ ነው። ዲኤንኤውን ታስነብባላችሁ፣ ከመረጃ ቋቱ ጋር ታስተያያላችሁ፣ ተመሳሳይነቱ ዝቅ ሲል «አዲስ ጂነስ!» ትላላችሁ፤ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ አዲስ ወገን ማለት ነው። አብሽሩ፣ ረጋ በሉ። ምናልባት የቅርብ ዘመዱን ዲኤንኤ እስካሁን ማንም አላስገባውም ይሆናል። አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ዝርያን ለመለየት ደህና ነው፤ ለጂነስ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ ሌሎች ጂኖችም ይጨመሩ።

እኛ ወሎዎች አባቱ ገብሬ፣ ልጁ ሰይድ ሲባል አይገርመንም፤ በስም ዝምድና አይታወቅም፣ ሰባት ቤት ይቆጠራል እንጂ። ፈንገስም በመልኩ ብቻ አይመደብም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ቆጠራው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱን ነጥላችሁ «ይህ ራሱን የቻለ ቤት ነው» ብትሉና ወንድሙን ከአጎቱ ልጆች ጋር ብትተዉት፣ የቀረው ቤት ፈረሰ። ስለዚህ አዲስ ጂነስ ስታቆሙ ዓይናችሁ ባወጣችሁት ላይ ብቻ አይሁን፤ የተዋችሁትንም እዩ። እኔ ጽሑፍ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ ስሙ ማማሩ ብዙም አይገደኝም።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ፈንገሱን ከአንድ ስፖር አሳድጉ፤ ቢያንስ ሠላሳ ስፖሮች ለኩ፤ ስሙ የሚታሰርበትን ናሙና ሌላ ሰው ሊያየው በሚችልበት ሄርባሪየም (የደረቁ ናሙናዎች ማከማቻ) አስቀምጡ። ለጂነሱም ስሙ የሚታሰርበትን ዓይነተኛ ዝርያ ሰይሙ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንደ ማይኮባንክ ካለ የፈንገስ ስሞች መዝገብ ቁጥር ያልወሰደ አዲስ ስም በሕጉ ፊት የለም። የአዲሱን ፈንገስ መግለጫ በላቲን መጻፍ ግን ከ2012 ጀምሮ ግዴታ አይደለም፤ ዕድለኞች ናችሁ።

የቅጠሉ ፖስታ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያወጣሁለት ስም በእርሳስ ተሰርዟል። ቀኑንና የቦታውን ከፍታ ግን ያኔም አልጻፍኩበትም፣ አሁንም አላስታውሰው።