የታችኛው ዙር

ልጆቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን አንዱ የፊዚክስ ተማሪ «ጋሼ፣ ሴሚኮንዳክተር ላይ ያለው ስስ ንጣፍ እንዴት ነው የሚያድገው?» አለኝ። ስልክ ተደወለና ሳልጨርስለት ቀረሁ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ አክስቴ ሞሰብ ስትሰፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወስፌዋ የሚገባው ከስር ባለው ዙር ነው። አዲሱ ዙር ጥለቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። አንድ ቦታ ስታ ከሆነ ትተረትረዋለች። የግማሽ ቀን ሥራ! በልጅነቴ እኔን ነበር የሚያናድደኝ።

ክሪስታልም፣ አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር፣ እንደዚያው ነው፤ አዲሱ ንጣፍ አደራደሩን የሚያገኘው ከስሩ ካለው ነው። ጋሊየም አርሰናይድ የሚባለውን ሴሚኮንዳክተር፣ ቺፕና ሌዘር የሚሠራበትን ቁስ፣ ውሰዱ። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ጓዳ ውስጥ፣ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጋለ ዋፈር፣ ማለትም ስስ የክሪስታል ዝርግ፣ ላይ አተሞች ይዘንባሉ። እንዳረፉ አይቀመጡም። ፊቱ ላይ ይንከራተቱና የደረጃ ጠርዝ ሲያገኙ እዚያ ይጠጋሉ። በሰከንድ አንድ የአተም ንጣፍ ቢሆን ነው፤ በሰዓት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ። ዋፈሩ ከቀዘቀዘ ግን ቦታቸውን ሳያገኙ ሌሎች ይጫኗቸዋል።

ኢንዲየም አርሰናይድ የሚባል ሌላ ሴሚኮንዳክተር ሲደረብበት ነገሩ ይጥማል። የአተሞቹ ርቀት በ7 በመቶ ይሰፋል። በቀጭን ዙር ላይ ወፍራም ስንደዶ እንደ መስፋት ነው፤ ጎኑ ያብጣል። መጀመሪያ ተጨናንቆ ይነጠፋል፤ ሁለት ንጣፍ ሳይሞላ ጥቃቅን ጉብታ ሆኖ ይነሳል። ይህን ዓይነት አስተዳደግ ስትራንስኪና ክራስታኖቭ የተባሉ ቡልጋሪያውያን በ1930ዎቹ ነው የገለጹት። ጉብታዎቹ ዛሬ ኳንተም ዶት ይባላሉ፤ ሌዘር ይሠራባቸዋል። እብጠትም እንጀራ ይሆናል ማለት ነው።

የእኔ ጥፋት ግን ሌዘር አልሆነም። ወጣት ሳለሁ፣ ውጭ አገር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የማሽን ወረፋዬ ሊያልፍብኝ ሆነ። ዋፈሩ ላይ ያለው ኦክሳይድ፣ አየር ሲነካው የሚይዘው ስስ ሽፋን፣ 580 ዲግሪ አካባቢ ይለቃል። አሥር ደቂቃ መታገሥ አቃተኝና ሳይለቅ ማዝነብ ጀመርኩ። ሲወጣ መስታወት መምሰል የነበረበት ፊት ወተት የተረጨበት መሰለ። አክስቴ ብታየው «ተርትረው» ትለኝ ነበር። ክሪስታል ደግሞ አይተረተርም።

ላብ ስትገቡ ለዚያች አሥር ደቂቃ የሚያጨበጭብላችሁ የለም። ሪፖርት ላይም አንድ መስመር ናት። እናንተ ግን እዚያ ላይ ተንዘላዘሉ፤ ወረፋው ይለፍ።

የደበዘዘው ዋፈር አሁንም ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ። ማየት የፈለገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ቡና ይፈላል።